ኦሪጅናሉ የትኛው ነው? ስለ ስታር ዋርስ አሻንጉሊቶች፣ ስለ ሰብሳቢዎቻቸውና ስለማያልቀው ክርክራቸው

አማርኛችን «አሻንጉሊት» በሚለው አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከጨርቅ የተሰፋች ሕፃንም፣ በባትሪ የሚሄድ መኪናም፣ ከፊልም ተቀድቶ በፕላስቲክ የተቀረጸ ወታደርም በእኛ ዘንድ አሻንጉሊት ነው። የአሜሪካ ነጋዴዎች ግን ለይተው ነው የሚጠሯቸው፤ የለዩበትም ምክንያት ገበያ ነው። ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ በ1964 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጂ.አይ. ጆ የተሰኘውን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ልብሱ የሚወልቅና የሚቀየር፣ እጅና እግሩ የሚተጣጠፍ በመሆኑ ከ5 ዓመት በፊት ከወጣችው ከባርቢ በአሠራሩ ብዙም አይለይም ነበር። ነገር ግን ወንዶች ልጆች የሴት መጫወቻ ነው ብለው እንዳይሸሹት፣ ወላጆችም ሳይገዙት እንዳይቀሩ ስለተሰጋ፣ «አክሽን ፊገር» የሚል አዲስ ስያሜ ወጣለት። ዕቃው ያው ሆኖ ስሙ ብቻ ተቀየረ ማለት ነው።

ይህ የስም ጉዳይ ኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ ሰውን የሚወክል አሻንጉሊት 12 በመቶ ቀረጥ ሲከፈልበት፣ እንስሳን ወይም ሰው ያልሆነ ፍጡርን የሚወክለው 6.8 በመቶ ብቻ ይከፈልበት ነበር። ከሥዕል መጻሕፍት አሳታሚው ከማርቭል ጋር የተሳሰረው የአሻንጉሊት ኩባንያ ቶይ ቢዝ የኤክስ-ሜን ገጸ ባሕርያትን አሻንጉሊቶች ሲያስገባ ጉምሩክ «ሰዎች ናቸው» ብሎ ከፍተኛውን ቀረጥ ጠየቀ፤ ኩባንያው አልተስማማም፤ የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤትም በ2003 «ሰዎች አይደሉም» ሲል ለኩባንያው ፈረደ። የኤክስ-ሜን ታሪክ ከሥሩ «እኛም ሰዎች ነን» የሚሉ ፍጡራን አቤቱታ ነውና፣ የገዛ ወገናቸው ለቀረጥ ሲል ሰውነታቸውን መካዱን ብዙ አንባቢዎች እያዘኑም እየሳቁም ነው የሰሙት።

ይህን ያነሣሁት ለሳቅ ብቻ አይደለም። በእነዚህ ትናንሽ ፕላስቲኮች ዙሪያ ሁለት ዓይነት ክርክር ይሰማል። ሰብሳቢው «ይህ ዕቃ ኦሪጅናል ነው ወይስ ተመሳስሎ የተሠራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የታሪኩ ወዳጅ ደግሞ «እውነተኛው ታሪክ የትኛው ነው? ይህንስ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን ነው?» ይላል። ከውጭ ለሚያይ አንደኛው የገንዘብ፣ ሌላኛው የምናብ ጉዳይ ይመስላል። በእኔ አመለካከት ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ምክንያቱም አሻንጉሊቱ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የተሠራ ማስታወሻ ሳይሆን፣ ታሪኩን አብሮ የሠራ ነው። ይህን ለማሳየት በጠፈር ላይ ስለሚደረግ ጦርነት ከሚተርከው ከስታር ዋርስ ፊልም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ፊልሙ በሜይ 1977 ወጣ። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ጋር ሲዋዋል፣ የዳይሬክተርነት ክፍያው እንዲጨመርለት ከመጠየቅ ይልቅ የቀጣይ ፊልሞችና ከፊልሙ የሚሠሩ ሸቀጦች መብት በእጁ እንዲቆይ ነበር የጠየቀው። በዚያ ዘመን ከፊልም የሚሠራ መጫወቻ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ሲወርድ አብሮ የሚረሳ ነገር ስለነበረ፣ ስቱዲዮው ብዙ አልተጨነቀበትም። በዘመኑ ታዋቂ የነበረው አምራች ሜጎም የማምረት ፈቃዱን ሳይወስደው ቀረ። የወሰደው በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ የነበረው ኬነር ነው፤ ኬነር በዚያን ጊዜ በቁርስ እህልና በዱቄት ምርቶቹ የሚታወቀው የጄኔራል ሚልስ ንብረት ነበር።

ፊልሙ የሁሉንም ግምት አልፎ ሲሄድ፣ ኬነር ለዚያ ዓመት የገና በዓል የሚያደርሰው አንድም የገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት አልነበረውም። መጀመሪያ ቅርጹን ማውጣት፣ ከዚያ የብረት ሻጋታ ማሠራት፣ በመጨረሻም በሩቅ ምሥራቅ ፋብሪካዎች ማምረት ወራትን የሚፈጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ተስፋ ሸጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወላጆች ለገና የገዙት የካርቶን ሥዕልና ኩፖን የያዘ ጠፍጣፋ ፖስታ ነበር፤ ኩፖኑ ሲላክ ሉክ ስካይዎከር፣ ልዕልት ሊያ፣ ቹባካና አርቱ-ዲቱ የተባሉት አራት አሻንጉሊቶች በ1978 መጀመሪያ በፖስታ ቤት በኩል ደረሱ። ዛሬ ያ ባዶ ፖስታ ራሱ በክብር የሚሰበሰብ ዕቃ ሆኗል።

የእነዚህ አሻንጉሊቶች ቁመት 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መጠኑ ቀላል ዝርዝር ይመስላል እንጂ የንግዱ ምሥጢር እዚያ ላይ ነበር። የስታር ዋርስ ታሪክ የጠፈር መርከቦች ታሪክ ነው፤ ጀግኖቹ የጂ.አይ. ጆን ቁመት ቢይዙ ኖሮ የሚሳፈሩበት መርከብ የልጁን ክፍል ይሞላው ነበር። የጣት ቁመት ሲኖራቸው ግን መርከቡ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ለአንድ ቤተሰብም የሚገዛ ዕቃ ይሆናል። ዋጋውም ስለሚቀንስ ልጁ አንድ ጀግና ገዝቶ አያቆምም፤ ጓደኛውንም፣ ጠላቱንም፣ በፊልሙ ውስጥ ለአንድ አፍታ የታየውንም ይፈልጋል። ኬነር ይህን አውቆ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ካርድ ጀርባ ላይ የሌሎቹን ፎቶ አተመ። በመጀመሪያዎቹ ካርዶች ጀርባ 12 አሻንጉሊቶች ይታያሉ፤ በኋላ ቁጥሩ እየጨመረ በ1985 92 ደርሷል። ሰብሳቢዎች ዛሬ የአንድን ዕቃ ዕድሜ ሲገምቱ በመጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ የካርድ ጀርባ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በሚሊዮኖች የተመረተ ፕላስቲክ እንዴት ውድ ሊሆን ይችላል? መልሱ አሻንጉሊቱ ለምን ዓላማ ተሠራ በሚለው ውስጥ አለ። ለመጫወቻ የተሠራ ዕቃ ይጫወቱበታል፤ ካርዱ ተቀድዶ በተከፈተ በደቂቃ ውስጥ ይጣላል፤ ከክብሪት እንጨት የማይበልጠው ጠመንጃም አፈር ውስጥ ወይም ሶፋ ሥር ይቀራል። ስለዚህ ውድ የሚሆነው አሻንጉሊቱ ሳይሆን፣ ሊጠፋ የሚገባው ሆኖ ያልጠፋው ነገር ነው፦ ያልተቀደደው ካርድ፣ ያልወደቀው ጠመንጃ፣ ያልተበጠሰው ካባ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በፋብሪካው ውስጥ የተደረገ ለውጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ የሉክ፣ የዳርት ቬደርና የኦቢ-ዋን አሻንጉሊቶች ላይ የብርሃን ሰይፉ ከክንዱ ውስጥ ተንሸራትቶ ከወጣ በኋላ፣ ከጫፉ ሌላ ቀጭን ሰይፍ ይወጣ ነበር፤ ኬነር ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀላሉ አሠራር ስለዞረ ባለ ሁለት ደረጃው ጥቂት ነው። ጃዋ የሚባለው አጭሩ ፍጡር ደግሞ መጀመሪያ የወጣው ከቪኒል የተቆረጠ ካባ ለብሶ ነው። ቁመቱ ከሌሎቹ አንሶ ዋጋው ግን እኩል ስለነበረ ገዢው ተታለልሁ እንዳይል ካባው በጨርቅ እንደተተካ ይነገራል። የቪኒሉ ካባ ስለተወደደ አታላዮች የኦቢ-ዋንን የቪኒል ካባ እየቆረጡ ለጃዋ ማልበስ ጀመሩ፤ በዚህም ምክንያት ልምድ ያለው ገዢ የካባውን ቀለም፣ ውፍረትና የአቆራረጡን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ሳያይ ገንዘብ አያወጣም። ከዚህ ይበልጥ የተለመደው ማጭበርበር ግን የጠፋውን ጠመንጃ በአዲስ ቅጂ መተካት ነው። ሰብሳቢዎች ጠመንጃውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጥሉታል፤ የኬነሮቹ በአብዛኛው ይንሳፈፋሉ፣ ቅጂዎቹ በአብዛኛው ይሰጥማሉ። «በአብዛኛው» የሚለው ቃል መሰመር አለበት፤ ይህን ፈተና ብቻ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ሲታለል ይውላል።

ከሁሉም በላይ የሚነገርለት ግን ለገንዘብ ሰው የሚያድነው የራስ ቁር ለባሽ ገጸ ባሕርይ፣ የቦባ ፌት፣ ፈጽሞ ለሽያጭ ያልቀረበ አሻንጉሊት ነው። በ1979 ኬነር አራት የግዢ ማረጋገጫ ቆርጦ ለሚልክ ልጅ ሁሉ፣ ጀርባው ላይ የተሸከመውን ሮኬት የሚተኩስ ቦባ ፌት በነጻ እንደሚልክ አስተዋወቀ። በዚያው ሰሞን ማተል የተባለው ሌላ ኩባንያ ባወጣው፣ ባትልስታር ጋላክቲካ ከተሰኘው የቴሌቪዥን ተከታታይ በተሠራ መርከብ ምክንያት አንድ ሕፃን የተተኮሰው ቁራጭ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ሞተ። ኬነር የሮኬቱን አሠራር ቀይሮ ሊያድነው ሞከረ፤ ስለዚህም ዛሬ ያሉት ናሙናዎች በጀርባቸው ላይ ባለው የመክፈቻ ቅርጽ «ኤል» እና «ጄ» ተብለው ይለያሉ፤ ኋለኛው ሮኬቱን ይበልጥ ለመያዝ የታሰበ ነበር። በመጨረሻ ሐሳቡ ተተወ፤ በካርዶቹ ላይ የታተመው የሮኬት ማስታወቂያ በተለጣፊ ተሸፈነ፤ ለልጆቹ የደረሳቸውም ሮኬቱ ከጀርባው ጋር የተጣበቀ ቦባ ፌት ሆነ። ከጃንዋሪ 1980 ጀምሮ ደግሞ ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሚሠሩ መጫወቻዎችን ትናንሽ ቁራጮች የሚቆጣጠር የአሜሪካ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ከፋብሪካው ሠራተኞች እጅ ከተረፉት የሚተኩሱ ናሙናዎች አንዱ በ2019 በ185,850 ዶላር፣ በእጅ የተቀባ ሌላ ናሙና ደግሞ በ2024 በ525,000 ዶላር በጨረታ ተሽጠዋል። ልብ በሉ፤ ከሁሉ የከበረው አሻንጉሊት ማንም ልጅ ያልተጫወተበት ነው።

ዋጋው እዚህ ከደረሰ በኋላ መካከለኛ ዳኛ መፈለጉ አይቀርም። አክሽን ፊገር ኦቶሪቲን የመሳሰሉ ድርጅቶች ዕቃውን መርምረው ከ100 ነጥብ ይሰጡታል፣ በግልጽ አክሪሊክ ሣጥን አሽገውም ይመልሱታል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ሊነካው አይችልም፤ ከነካው ነጥቡ ይሠረዛል። ሆኖም ሣጥኑ ከሰው እጅ እንጂ ከኬሚስትሪ አያድንም። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ከዓመታት በኋላ ወደ ላይ እየወጣ ገጹን ያጣብቃል ወይም ያጨልማል፤ ነጩ ፕላስቲክ ደግሞ በፀሐይና በሙቀት ይበጫል፤ ለዚህም የነጭ ለባሾቹ የስቶርምትሩፐሮች አሻንጉሊት ጥሩ ምስክር ነው። በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አንጥቶ የሚመልሰው ሰብሳቢ አለ፤ ሌላው ደግሞ ይህን ማጭበርበር ይለዋል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ቢያንስ ሻጩ አንጥቼዋለሁ ብሎ ሳይናገር ከሸጠው።

የ1995ቱ ታሪክ ግን ለአዲስ ገቢ ሁሉ ሊነገረው ይገባል። በዚያ ዓመት ከ10 ዓመት ዕረፍት በኋላ አዲስ የስታር ዋርስ አሻንጉሊቶች ወጡ (ኬነር በዚያን ጊዜ በሃስብሮ ሥር ሆኗል)። የድሮዎቹን ዋጋ ያዩ ሰዎች በካርቶን ሙሉ እየገዙ ሳይከፍቱ አስቀመጡ። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ሊጠፋ አይችልም፤ ያልጠፋ ነገርም አይወደድም። ያ ክምችት ዛሬም በየጓዳው ይገኛል፣ አብዛኛውም ሲገዛ ከተከፈለበት ብዙ አያወጣም።

እስካሁን ያየነው የዕቃውን ጉዳይ ነው። ወደ ታሪኩ ክርክር የምንሻገረው በዚያው በቦባ ፌት ድልድይ ነው። ልጆች ይህን ሰው ያወቁት ፊልም ላይ ከመታየቱ በፊት፣ በ1978 በታየ አጭር የቴሌቪዥን ካርቱንና በአሻንጉሊቱ ማስታወቂያ ነው። በ1980ው ፊልም ላይ ሲመጣ የሚናገረው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በ1983 ደግሞ ያለ ብዙ ክብር አሸዋ ውስጥ ባለ አውሬ አፍ ይገባል። በመካከሉ ያለውን ባዶ ቦታ የሞላው አሻንጉሊቱን የያዘው ልጅ ነው፤ የማይናገር፣ የማይሸነፍ፣ የራስ ቁሩን የማያወልቅ ጀግና ሠራበት። ስለዚህ በ2021 መጨረሻ በራሱ ስም በተሠራው ተከታታይ ላይ ቦባ ፌት የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ብዙ እየተናገረና እየማረ ሕዝብ ሲያስተዳድር ሲያዩ «ይህ ቦባ ፌት አይደለም» ያሉ ተመልካቾች ብዙ ነበሩ። ደራሲዎቹ ጽሑፉን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም ሊሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ተመልካቾቹ የሚከራከሩት ስለ ጽሑፉ ሳይሆን፣ 40 ዓመት በእጃቸው ስላሳደጉት ሰው ነበር።

ስሞቹን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ፊልም መጠጥ ቤት ውስጥ ለቅጽበት የሚታዩትን እንግዳ ፍጡራን ኬነር ሲያመርታቸው በካርዱ ላይ የሚታተም ስም አስፈለገው፤ ስለዚህ እንደ መልካቸው ሀመርሄድና ዎልረስ ማን ተባሉ፤ መዶሻ ራስና የባሕር አውሬው ሰው እንደ ማለት ነው። ልጆች አሻንጉሊቱን ስለያዙ ስለ እነርሱ ጠየቁ፤ ስለተጠየቀም በኋላ የመጡ ደራሲዎች ሞሞ ናዶንና ፖንዳ ባባ የሚል የተጸውዖ ስም፣ የትውልድ ፕላኔትና የሕይወት ታሪክ ሰጧቸው። ከዚህም የሚያስቀው በ1980ው ፊልም ከተማው ሲለቀቅ ነጭ የአይስክሬም መሥሪያ ማሽን ታቅፎ የሚሮጠው ተዋናይ ነው። ማሽኑ ከወጥ ቤት የተወሰደ መሆኑን ወዳጆቹ ለይተው ስላወቁ ለዓመታት ሲሳሳቁበት ቆዩ፤ ሃስብሮ በ2009 ከነማሽኑ አሻንጉሊት ሠራለት፣ ዊልሮው ሁድ የሚል ስምም አለው፤ በ2019 በወጣው የቴሌቪዥን ተከታታይ ደግሞ ያው ማሽን ውድ ብረት የሚቀመጥበት መያዣ ሆኖ ቀረበ። ቀልድ ወደ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩም ወደ ታሪክ ተለወጠ።

ከመኪና ወደ ሮቦት የሚለዋወጡት ትራንስፎርመርስ በዚህ ረገድ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ ናቸው፤ እዚያ ከመጀመሪያው የቀደመው አሻንጉሊቱ ነው። ሃስብሮ ታካራ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ቅርጾቹን ወስዶ በ1984 ሲያወጣቸው፣ በጃፓን ብዙዎቹ ሰው ውስጣቸው ተቀምጦ የሚነዳቸው ማሽኖች ነበሩ፤ ነፍስ፣ ስምና ጠባይ የሰጧቸው ማርቭል ያሰማራቸው አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ናቸው። በ1986 ኩባንያው ለአዳዲስ አሻንጉሊቶች ቦታ ለመልቀቅ ከእነርሱ ጀግኖች ዋናውን ኦፕቲመስ ፕራይምን በፊልም ላይ አስገደለው፤ ሕፃናቱ ሲኒማ ቤት ውስጥ አለቀሱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሞት ተነሣ።

ወደ ስታር ዋርስ ስንመለስ፣ የታሪኩ ወዳጆች ትልቁን ጠባቸውን የሚጠሩበት ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ቀኖና» ነው። የንስሐ አባት የሚሰጡትን ሳይሆን የመጻሕፍት ቀኖናን ማለቴ ነው። ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍትን የሚቀበል ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር ላደገ አንባቢ፣ አንዱ የተቀበለውን መጽሐፍ ሌላው ከዝርዝሩ ውጭ ሊያደርገው እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ እዚህ የሚወስነው ጉባኤ ሳይሆን ባለመብቱ ኩባንያ መሆኑ ነው። ከ1991 ጀምሮ በብዛት የታተሙ ልብወለዶች፣ የሥዕል መጻሕፍትና ጨዋታዎች ከፊልሞቹ በኋላ የሆነውን ሲተርኩ ቆይተዋል። ዲዝኒ ሉካስፊልምን በ2012 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከገዛ በኋላ፣ በኤፕሪል 2014 እነዚያ ሁሉ «አፈ ታሪክ» ተብለው ከቀኖናው ውጭ እንዲሆኑ ተወሰነ። የንግዱ ምክንያት ይገባኛል፤ በአሥርት ዓመታት የተጠላለፈ ታሪክ ውስጥ አዲስ ፊልም መጻፍ አስቸጋሪ ነበር። ነገር ግን 20 ዓመት ያነበበው ሰው ከቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድም ገጽ ሳይነካበት ሁሉም ሐሰት ሆነበት።

እዚህ ላይ ነው የዕቃውና የታሪኩ ጥያቄ የሚገናኙት። በ1998 ሃስብሮ ከእነዚያ ልብወለዶች ማራ ጄድንና አድሚራል ትሮንን በአሻንጉሊት አውጥቶ ነበር። ትሮን በ2016 በካርቱን ተከታታይ በኩል ወደ ቀኖናው ተመለሰ፤ በልብወለዶቹ የሉክ ሚስት የነበረችው ማራ ጄድ ግን ውጭ ቀረች። ስለዚህ በሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ፣ ያው ኩባንያ በፈቃድ ያመረተው፣ ማኅተሙ ሙሉ የሆነ፣ ያለ ጥርጥር ኦሪጅናል የሆነ፣ በታሪኩ ግን «ያልነበረች» የምትባል ሴት ቆማለች። ተቃራኒውም አለ። በ1977ቱ ፊልም ከጀግኖቹ አንዱ የሆነው ሃን ሶሎ ግሪዶ በተባለው ገዳይ ላይ ቀድሞ ይተኩስ ነበር፤ ሉካስ በ1997 በታደሰው ቅጂ ግሪዶ ቀድሞ እንዲተኩስ አደረገ። እዚህ የቀየረው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ግን የቀደመውን ያየ ትውልድ አልተቀበለውም። ሰብሳቢ ቢሆኑ ኖሮ የሉካስን ሥራ «ቀለሙ የታደሰ» ብለው ነጥብ ይቀንሱበት ነበር፤ በእርግጥም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በሰብሳቢዎች መካከል አሁን የሚሰማው ሌላው ሙግት የመጠን ነው። ከ2013 ጀምሮ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ፣ መልካቸው ከተዋናዩ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰል አሻንጉሊቶች ወጥተዋል፤ የቀድሞው መጠን ወዳጆች ግን መርከብ የሌለው አብራሪ ምን ያደርጋል ይላሉ። ሃስብሮ በ2018 ሰው አስቀድሞ ከከፈለ ብቻ የሚመረት፣ 500 ዶላር የሚያወጣ የወንበዴዎች አለቃውን የጃባን መርከብ በትንሹ መጠን ሲያቀርብ 5,000 ገዢ ይበቃው ነበር፤ 8,810 አገኘ። በ2021 ለትልቁ መጠን የቀረበው ራንኮር የተባለ አውሬ 9,000 ገዢ ፈልጎ ሳይሞላለት ተሠረዘ፤ ዋጋው ነው ያሉም፣ መጠኑ ነው ያሉም አሉ። ኩፖን የገዙት የ1977 ልጆች አሁንም ያልተሠራ ነገር እየገዙ ነው።

በ2019 ደግሞ ሃስብሮ የኬነርን የድሮ ካርዶች፣ ሆን ተብሎ ያረጀ በሚመስል ኅትመት ሳይቀር፣ መልሶ አወጣቸው። ከእነርሱ ጋር የመጣው አንዱ ግራንድ ሞፍ ታርኪን ነው፤ በመጀመሪያው ፊልም ትልቅ ድርሻ ያለው፣ ኬነር ግን እስከ 1985 ባወጣቸው አሻንጉሊቶች ውስጥ ያልሠራው ሰው። አቀራረጹ ሻካራ፣ መገጣጠሚያው አምስት ብቻ፣ አቋሙም ልክ የ1978ቶቹ ነው። ከድሮዎቹ 12 ጎን 13ኛ አድርገው ያቆሙት ሰብሳቢዎች አሉ፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ ሊያዩት የማይፈልጉም አሉ።